የኮርኒስ ላይ ጯሂዎች

ጥቅምት 9 ቀን 1985፣ ሰኞ

«እዚያ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ነው የሚተኛው?»

ይህን ያለው ዛሬ ጠዋት ዳቦ ቤት ወረፋ ላይ ከኋላዬ የቆመ ሽማግሌ ነው፤ በመስኮቱ በኩል የእኛን ቤት በጣቱ እያሳየ። ደስ አለኝ። ፍራንክፈርት ከገባሁ አሥራ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ እስከ ዛሬ እንዴት እንደምናድር ያሳሰበው ሰው አላጋጠመኝም። ዞር ብዬ ልነግረው ምንም አልቀረኝም፦ ጌታዬ፣ አምስት ነን። ከታች እማማ ዓዚዛ፣ የአስመራ ሰው፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ጆሯቸው የደከመ። መሐል ፎቅ ላይ እህቴ የሺወርቅ፣ ባሏ ዘውዴና ልጃቸው ሶሊ። ጣሪያው ስር እኔ ሚናስ፣ ትምህርቱን ያልጨረሰ የታሪክ ተማሪ፣ በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት መጽሐፍ ደርዳሪ። አፌን ከመክፈቴ በፊት ግን ወረፋው ላይ ያለ ሌላ ሰው ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልገባኝም። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ።

ቤቱን ዘውዴ የገዛው ባለፈው ሰኔ ነው፤ ሪደርቫልድ የሚባል ሰፈር ጫፍ ላይ፣ ከጎረቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተጣበቀ። ለምን በርካሽ እንደተሸጠ የገባን ግድግዳውን ስንፈለፍል ነው። ሽቦው ከጦርነቱ በፊት የተዘረጋ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ሲነኩት እንደ አሮጌ ጥራዝ የሚረግፍ። በጥንቷ ሮማ አንድ ባለጸጋ ነበር ይባላል፤ ቤት ሲቃጠል የራሱን እሳት አጥፊዎች ይዞ ይደርስና ባለቤቱ ቤቱን በርካሽ እስኪሸጥለት ድረስ ውሃ አያስረጭም። ለዘውዴ ይህን ስነግረው «ጎበዝ ነጋዴ» አለ።

ጥቅምት 13፣ ዓርብ

ኤሌክትሪሺያኑ ሳልሕ ሦስት ቴርሚን፣ ቀጠሮ መሆኑ ነው፣ ሰጥቶን በአራተኛው መጣ። የከረን ልጅ ነው። የማይስተር፣ የዋና ባለሙያ ወረቀት እንዳለው ጫማውን ሳያወልቅ ሁለት ጊዜ ነገረን፤ ወደ መኪናው እያሳየ ደግሞ መርሴዲስ እንደሆነ ነገረን፤ ዓይን የለንም ይመስል።

«ጋሽ ዘውዴ፣ ይሄ ሽቦ ሙዚየም እንጂ ቤት አይገባውም» አለ። ሬድዮውን ከፍቶ መሰርሰር ጀመረ። እኩለ ቀን ላይ፣ ፀጉሩ በልስን አቧራ ነጭ ሆኖ፣ «ግድግዳው አንዴ ከተፈለፈለ አይቀር፣ ኮርኒሱ ላይ ጯሂ ልስቀልላችሁ» አለ።

«ምን ጯሂ?» አለ ዘውዴ።

«ራውህሜልደር። ጭስ ሲሸተው የሚጮህ። ከሽቦው ጋር ነው የማገናኘው፣ አንዱ ሲጮህ ሁሉም ይጮሃል። ሊድስ ያለችው የአክስቴ ልጅ ትልክልኛለች። እንግሊዝ አገር ከዘንድሮ ጀምሮ አዲስ ቤት የሚሠራ ሁሉ መስቀል አለበት።»

«እዚህስ? ግዴታ ነው?»

«እዚህ እንኳ አይደለም።»

«ግዴታ ካልሆነ ይቅር።»

ዘውዴ እንዲህ ነው። ሕግ ያዘዘውን አንድም ሳያጎድል ያደርጋል፤ ሕግ ያላዘዘውን ማድረግ ደግሞ ለእሱ ሕግ የመጣስ ያህል ነው። የሺ ከወጥ ቤት «እሳቱ ሕጉን አንብቦ ነው እንዴ የሚመጣው?» አለች።

«ጎረቤት ፈርተው ነው ይለናል» አለ ዘውዴ።

«ጋሼ፣ ኮርኒሳችሁን ጎረቤት ከየት ያየዋል?» አለ ሳልሕ።  ለዘውዴ ጎረቤት ሁሉንም ያያል።

ጥቅምት 20፣ ዓርብ

ዘውዴ ዛሬ ከሥራ አፉን በመሐረብ ይዞ ገባ። የሚሠራው ኦስትኤንድ፣ የአትክልት ገበያው አዳራሽ ውስጥ ነው። «ሣጥን ወደቀብኝ» አለ። የቲማቲም ሣጥን ጥርስ አርግፎ ሲያበቃ ጃኬት ላይ፣ ያውም በጀርባ በኩል፣ የጫማ ዱካ እንዴት እንደሚተው የፊዚክስ ምሁር ያስረዳኝ።

የሺ ፊቱን በሞቀ ውሃ እያጠበች «ስንት ነበሩ?» አለችው።

«ሣጥን ነው እኮ የምልሽ።»

«እሺ፣ ሣጥኖቹ ስንት ነበሩ?»

ዘውዴ ደሙን ውሃው ውስጥ ተፍቶ «ሦስት» አለ።

ከራት በኋላ ወደ ሳልሕ ደወለ። «እነዚያን ጯሂዎች ስቀልልኝ።»  

ጥቅምት 28፣ ቅዳሜ

ጯሂዎቹ ተሰቀሉ። ከታች ኮሪደሩ ላይ፣ ደረጃው መሐል፣ በየመኝታ ክፍሉ በር፣ እኔም ጋ ጣሪያው ስር። ለወጥ ቤቱ ሳልሕ ሌላ ዓይነት አመጣ። «እዚህ የጭሱን ብሰቅል እትዬ የሺ ሽንኩርት ባቁላሉ ቁጥር ሰፈሩ ይነቃል። ይሄኛው ጭስ አይገባውም፣ ሙቀት ሲበዛበት ብቻ ነው የሚጮኸው።» እህቴ ሙያዋ እንደተሰደበ ሁሉ አየችው።

ከዚያ ክርክር ተነሣ። ሳልሕ ጯሂዎቹን ከደረጃው መብራት ጋር በአንድ ፊውዝ ማሰር ፈልጓል። «ያን ጊዜ ማንም አያጠፋቸውም። ካጠፋቸው ደረጃው ይጨልምበታል፣ ሳይወድ በግድ መልሶ ያበራል።»

«የለም፣ የራሳቸው ፊውዝ ይኑራቸው» አለ ዘውዴ። «በቤቴ ውስጥ ዝም ማሰኘት የማልችለው ነገር አይኖርም።»

«ኡንት ማማ?» አለች ሶሊ። እናቴስ ማለቷ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው፣ በአማርኛ ትሰማለች፣ በጀርመንኛ ትመልሳለች። ሁላችንም ሳቅን። ዘውዴ ከንፈሩ ገና ስላልዳነ አልሳቀም።

ሳልሕ ተሸነፈ። የባለቤቱ ፈቃድ ነው ብሎ ሽቦውን ለብቻው አሰረው። የሙከራውን ቁልፍ ሲጫን ቤቱ በሙሉ ጮኸ፤ ጥርስ ውስጥ የሚገባ ጩኸት። እማማ ዓዚዛ ከክፍላቸው ወጥተው «ሰማሁት!» አሉ እያጨበጨቡ። «ሰው ሲናገር ከሰማሁ ዘመን ሆኖኛል፣ ይሄንን ግን ሰማሁት። ይባረክ!»

ግድግዳው ለሁለት ቤት ስለሆነ ጎረቤታችን ፍራው ሄልትሰርም ሰምታለች። ልጇ ዲርክ አጥሩ ጋ ወጥቶ ቆመ። ከመስከረም ወዲህ ነው ከእናቱ ጋር መኖር የጀመረው። ጣሪያ ሠሪ ነው፤ አርባ ይሆነዋል። ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቷል፣ የወታደር ጫማ ያደርጋል። ወደ እኛ መስኮት ሲያይ ቆየ። ዘውዴ መጋረጃውን ሳበ።

ኅዳር 5

አቧራ። ሾርባ ውስጥ፣ ትራስ ውስጥ፣ መጽሐፍ ውስጥ። ሳልሕ የእኔን ክፍል ሊጨርስ ቴርሚን ሰጠ፤ አልመጣም። መላጣው (ዘውዴ ያወጣለት ስም ነው) ዛሬም አጥሩ ላይ። ሥራ ረፈደብኝ።

ኅዳር 12፣ ቅዳሜ

ኅዳር ሲታጠን ነው። የ1911ዱ በሽታ አዲስ አበባን ከጨረሰ ወዲህ በዚህ ቀን ቆሻሻ ሁሉ ይቃጠላል፤ ከተማው በጭስ ይታጠናል፤ በሽታው አፍሮ ይመለሳል። እህቴ ጀርመን አገር በኖረችበት ዘመን ሁሉ ኅዳርን አጥና አታውቅም፤ የራሷ ግቢ አልነበራትማ። ዘንድሮ አላት።

ቅጠሉን ጠረገች፣ የተሰበረውን ጣውላ ቆለለች፣ በላዩ ሳልሕ የነቀለውን በጨርቅ የተጠቀለለ ሽቦ ጨመረች፤ ቆሻሻ የተባለ ሁሉ መቃጠል አለበትና። ጭሱ ጥቁር ሆኖ ተነሣ። በዚህ ብትቆም ጥሩ ነበር። ግን «ገና የገባንበት ቤት ነው፣ የቀድሞዎቹ ሰዎች በሽታ ግድግዳው ውስጥ አለ» ብላ የሚጨስ ጣሳ በመቆንጠጫ ይዛ ወደ ውስጥ ገባች፤ ማዕዘን ለማዕዘን ለመዞር። ሁለተኛውን ማዕዘን አልደረሰችም፤ ጯሂዎቹ በአንድ ላይ ተነሡ።

ሶሊ ጆሮዋን ይዛ ጮኸች። እማማ ዓዚዛ ነጠላቸውን ደርበው ወጡ። የሺ ጣሳውን እንደያዘች «ሚናስ! ዝም አስብለው!» አለች። የፊውዙ ሳጥን ተከፈተ። ፊውዙ ወረደ። ጸጥ አለ። ሁላችንም ጸጥታውን ወደድነው፤ እሷም አጥናችንን ጨረሰች።

ከዚያ እውነተኛው ሳይረን መጣ። ፍራው ሄልትሰር ደውላ ኖሯል። ሁለት ትልልቅ የእሳት አደጋ መኪኖች፣ ቱቦ የያዙ ሰዎች፣ ከየቤቱ የወጣ ሕዝብ። አለቃቸው ምን እያደረግን እንደሆነ ጠየቀኝ። ስለ በሽታው አስረዳሁት።

«ይህ እኮ ሰባ አራት ዓመት ሆነው» አለኝ።

«አዎን። ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም።»

ሰውዬው ሊስቅ ቃጣው፤ አልሳቀም። በርሜሉን አጥፍተው ሄዱ። ከሕዝቡ መሐል አንድ ድምፅ «ራሳቸው ይጨርሱት፣ ሌላ ሰው አይድከም» ሲል ሰማሁ። ድካም ቆጣቢ ሕዝብ ነው።

 ዘውዴ ሰው ሁሉ እስኪበተን አጥሩ ጋ የቆመውን ዲርክን ሲያይ ነበር። ዲርክም እሱን።

ኅዳር 14፣ ሰኞ

በሰሜን፣ ሙልን በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ትናንት ለዛሬ አጥቢያ የቱርኮችን ቤት አቃጠሉ። አንዲት አያትና ሁለት ልጃገረዶች ሞተዋል።

የሺ ቴሌቪዥኑን አጠፋችው። ዘውዴ አበራው። እሷ አጠፋች። እሱ አበራ።

ኅዳር 16፣ ረቡዕ

ዘውዴ የተነቀለውን የውሃ ቧንቧ ቆርጦ፣ አንዱን ጫፍ በፕላስተር ጠቅልሎ፣ በሩ ጀርባ አቆመው። ፕላስተሩ እጅ እንዳያንሸራትት ነው። በእጁ ሲመዝነው አየሁት፤ ሥራ አዋቂ ሰው ይመስል ነበር። ሁለተኛ ቆርጦ ለእኔ ሰጠኝ። መጽሐፍ የሚደረድር ሰው ቧንቧ ምን ያደርግለታል አልኩት። «ትማራለህ» አለ።

ከሥራ ስንመለስ በየተራ እማማ ዓዚዛ መስኮት ጋ እንቀመጣለን። መንገዱ የሚታየው ከእሳቸው ክፍል ነው። «እኔ ክፉ ሰው አልመጣብኝም፣ እንቅልፍ የነሳኝ የሚጠብቀኝ ሰው ነው» ይላሉ። ዘውዴ ማታ ማታ ደረጃውን ሲወጣ ቀና ብሎ ጯሂውን ያያል። «ቢያንስ እሱ አለ» ይላል። እውነቱን ነው፤ ኮርኒሱ ላይ አለ።

ኅዳር 23

ድንጋይ። ወጥ ቤቱ መስኮት። የሺ ጎመን ስትከትፍ ነበር። መስታወቱ ክንዷን ከክርን እስከ አንጓ ቀዷታል፤ ሐኪም ቤት ሰፉላት። ጎመኑ ቀይ ሆነ።

ፖሊሶቹ ጨዋ ናቸው። ድንጋዩን በላስቲክ ከተቱ። ሰው አይታችኋል? አላየንም። ዘውዴ «አይተናል» አለ። ማንን? በአገጩ ወደ ጎረቤት አመለከተ። ሲወረውር አይተኸዋል? «ሲያይ አይቼዋለሁ» አለ። ፖሊሱ ይህንን አልጻፈውም።

ታኅሣሥ 5፣ ሰኞ

ሳልሕ ዛሬ መጣ፤ የእኔን ክፍል ሽቦ ሊጨርስ። እያፏጨ ደረጃውን ሲወጣ ለወጉ ያህል የጯሂውን መሞከሪያ ተጫነው። ዝም። የሚቀጥለውን ተጫነ። ዝም። ማፏጨቱን አቆመ።

ሳጥኑን ከፈተ። «ጋሽ ዘውዴ፣ ፊውዙ ወርዷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ? አቧራ ይዟል።» ከዚያ፣ ሳልሕ ስለሆነ፣ ጨመረበት፦ «ነግሬዎት ነበር እኮ፣ ከደረጃው መብራት ጋር ይሁን ብዬ። በቤቴ ዝም ማሰኘት የማልችለው የለም አሉ። ይኸው፣ ዝም ብሏል!»

ዘውዴ በጡጫ መታው። ቅንድቡ ላይ። ሳልሕ በደረጃው ወደ ኋላ ተንከባለለ፤ መሰላሉ ተከተለው። ዘውዴ ወርዶ ደገመው። «ሦስት ሳምንት!» ይላል፤ ጡጫ። «ልጄ!» ጡጫ። «ተኝታ!» ጡጫ። የሺ በተሰፋው ክንዷ አንገቱን ይዛ ጎተተችው፤ ስፌቱ ፈነዳ። እማማ ዓዚዛ በሁለቱ መሐል ገብተው ቆሙና «እኔንም ምታኝ» አሉት። ያን ጊዜ ቆመ።

ሳልሕ ደሙን በእጅጌው ጠረገ። «አባቴን ስለሚመስሉ ነው» አለ። «አባቴን ባይመስሉ ኖሮ።» ዕቃውን ሳይሰበስብ ሄደ። መርሴዲሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብሎ ከመንገዳችን ወጣ።

ፊውዙን ማን እንዳወረደው ዘውዴ ሁላችንንም ጠየቀ። የሺ እኔን አየችኝ፤ ከዚያ ወለሉን አየች። አልታወቀም። በዚያ ቀን ብዙ ጭስ ነበር።

ዘውዴ ፊውዙን ወደ ላይ መልሶ በፕላስተር ለጠፈው። የቧንቧው ፕላስተር ነው።

ታኅሣሥ 11፣ እሑድ

ጀርመኖች በየከተማው ሻማ ይዘው ሰልፍ ይወጣሉ። ቤት ማቃጠልን በሻማ ይቃወማሉ። አልቀልድም፤ ባንሆፍስፊርቴል፣ ባቡር ጣቢያው ሰፈር፣ አንዲት ሴትዮ ሻማዋን ሰጥታኝ አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ባቡሬ መጣ።

ቤት ስደርስ ሶሊ ጉንጯ ላይ የአምስት ጣት ምልክት አለ። ከዲርክ ጋር አጥሩ ላይ ስታወራ አባቷ አይቷታል። ምን አወራችሁ ሲላት «ኤር ኢስት ኔት» አለችው፤ ደግ ሰው ነው። መታት። ከዚህ በፊት መትቷት አያውቅም። እሷም አላለቀሰችም፤ ዘውዴ ነው ወጥ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ የቆየው።

መናገር ነበረብኝ። «ልጅ አይመታም» ማለት ከሁለት ቃል የሚያልፍ ሥራ አይደለም። ተራዬ ስለነበር መስኮቱ ጋ ሄጄ ተቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 22፣ ሐሙስ

የፈረንጅ አዲስ ዓመት። ከምሽቱ ጀምሮ ርችት። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ተኩስ የሰማሁበት ዓመት ነበር፤ ጆሮዬ ልዩነቱን ያውቃል። አንዱ ሮኬት ጣሪያችን ላይ አረፈ። ዘውዴ ቧንቧውን ይዞ ወጣ፤ ማንም የለም፤ የቆሻሻ በርሜሉን እስኪጣመም ቀጠቀጠው። ከመንገዱ ማዶ የሰከሩ ሰዎች አጨበጨቡለት፤ እንደ በዓሉ አካል።

ወደ ቤት ስገባ በእጄ ላይ ምን እንዳለ አየሁ። ለካ እኔም ይዤ ወጥቻለሁ።

ታኅሣሥ 27

ጮኸ። አመሻሹ ላይ። ሁሉም ጮኹ። ሮጥን። በሩ ላይ ሰው። ደም። ፖሊስ ዘውዴን ወሰደው። የሺ ደህና ነች፣ ሁላችንም ደህና ነን። ነገ እጽፋለሁ።

ታኅሣሥ 28፣ ረቡዕ

በቅደም ተከተል ልጻፈው። ታሪክ የተማርኩት ለዚህ ነው።

መሸት ሲል የሺ ወጥ ቤት ነበረች፤ የጾም ሽሮ። እማማ ዓዚዛ ጸሎት ላይ። ሶሊ ክፍሏ። ዘውዴና እኔ መስኮቱ ጋ፤ ተራው ሲለዋወጥ። ጯሂዎቹ ተነሡ፣ ከላይ እስከ ታች። ዘውዴ «አውጣቸው!» አለኝ፤ እኔ ግን ሴቶቹን ላወጣ አልሄድኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እግሬ እሱን ተከተለ።

በሩን ሲከፍተው ዲርክ ደጃፉ ላይ ቆሟል። ራሱን እንደተላጨ፣ በዚያ ጫማ፣ በእጁ ቀይ ነገር ይዞ፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ። አፉን ከፈተ። «ቤንዚን!» የሚል ጩኸት ተሰማ፤ በአማርኛ። የዘውዴ ድምፅ አልነበረም።

የመጀመሪያው ምት እጁ ላይ ነበር፤ ቀዩ ነገር ወድቆ በደረጃው ተንከባለለ። ሁለተኛው ፊቱ ላይ። ወደ አጥሩ ሊሸሽ ሞከረ። ከኋላ ተያዘ። ክንዶቹ ወደ ኋላ ተጠመዘዙ፤ ያን ጊዜ ዘውዴ ፊት ለፊት ቆሞ እንደ ፈለገ መታው፤ አገጩን፣ ዓይኑን፣ የጎድን አጥንቱን። አጥንት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ በመጻሕፍት ውስጥ በደንብ አልተገለጸም። ሰውዬው አንድ ቃል ይደጋግም ነበር፤ «ሂልፈ»፣ እርዳታ። እርዱኝ ማለቱ መሰለን።

እናቱ ጮኻ እስክትመጣ ድረስ አልቆመም። ያን ጊዜ የወደቀውን ቀይ ነገር በመንገዱ መብራት አየሁት። የመኪና እሳት ማጥፊያ ነበር።

ጯሂዎቹ አሁንም ይጮኹ ነበር።

ለፖሊስ «እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ» አልኩ። ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ መጀመሪያ። ዘውዴ ሰማኝ። በካቴና እጁን ታስሮ አየኝና «አዎ፣ እሱ ውስጥ ነበር፣ ብቻዬን ነኝ» አለ። ሕግ አክባሪው ዘውዴ።

እጄ ላይ የጥርስ ምልክት አለ። ጓንት አድርጌ ሥራ ሄድኩ። መጻሕፍቱ ብዙ አቧራ አላቸው።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

አልፈሰክንም። የሺ ምንም አልሠራችም።

ዲርክ አንድ ዓይኑ አይተርፍም ተባለ። ፍራው ሄልትሰር አጥሩ ላይ ቆማ ለየሺ ነገረቻት፤ አልተቆጣችም፣ መቆጣት ይሻል ነበር። ዲርክ በግድግዳው በኩል የጯሂዎቹን ጩኸት ሲሰማ ከራቱ ተነሥቶ ሮጠ። «ልጅቷ ውስጥ ናት» ብሎ ነው የወጣው። እማማ ዓዚዛ ዱላቸውን ይዘው አጥሩን ዞረው ሴትዮዋ ቤት ገቡ። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይችሉም፤ አንዳቸው አይሰሙም። እስኪመሽ አብረው ተቀመጡ።

ሶሊ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። ጓንቴን አየች።

«ኦንክል» አለች፣ «ዱ አውህ። አንተም ጭምር።» ሁለተኛውን በአማርኛ አለችው፤ እንዳላመልጥ።

«ጾሙ አድክሞሻል» አልኳት።

«ኢህ ሃብስ ገዜን።» በመስኮቱ አይታለች።

ጥር 1

ለዘውዴ የቆመችለት ጠበቃ ከእሱ ጋር ተነጋገረች። ወጣት ናት፤ እያንዳንዱን ቃል መዝና ትናገራለች። ነገሩ ሁሉ በአንድ ነገር ላይ ነው አለች። ቤቱ ውስጥ በእርግጥ የተለኮሰ ነገር ከነበረ፣ ዘውዴ የቤተሰቡን ሕይወት ለማዳን እንደታገለ ሰው ይታያል፤ በሰው ቢሳሳትም። ምንም ካልነበረ ግን ሌላ ነው። ዓመታት ነው።

የእሳት አደጋ ሰዎች በዚያ ምሽት ቤቱን ዞረው ምንም አላገኙም። ስለዚህ እኔ እፈልጋለሁ። ሁለት ቀን ሆነኝ። በደብዳቤ ማስገቢያው የገባ የተቃጠለ ወረቀት፣ ምንጣፍ ላይ የጠቆረ ክር፣ ምድር ቤቱ መስኮት ላይ ጥላሸት። በጉልበቴ እየተሳብኩ የወለሉን ስንጥቅ ሁሉ አየሁ። የሆነ ሰው የሆነ ነገር ለኩሶ መሆን አለበት። ይህ ሁሉ ወር፣ ሙልን፣ ድንጋዩ፣ የዘውዴ ጥርስ፤ እነዚህ እኮ ሐሰት አይደሉም። አንድ የተቃጠለ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው። ባገኘው ደስታዬ ወሰን የለውም።

ለጠበቃዋ ልነግራት ይገባል። ነገ። የዲርክን ክንድ ማን እንደያዘ። መጀመሪያ ግን እሳቱ ይገኝ።

ጥር 3፣ ሰኞ

የሺ ሳልሕን ለመነችው፤ መጣ። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ቀርቷል። «ለጋሽ ዘውዴ ብዬ አይደለም፣ ለእርስዎ ነው» አላት። ስለ መኪናው አላወራም። ሬድዮ አላበራም።

ከሁሉ መጀመሪያ የጮኸው የቱ እንደሆነ ከታወቀ እሳቱ የነበረው እዚያ አጠገብ ነው አለ። ሶሊ ታውቅ ነበር። በዚያ ምሽት ቀይ መብራቱ ይብለጨለጭ የነበረው ደረጃው መሐል ያለው ነው፤ በክፍሏ በር ስንጥቅ አይታዋለች። ፖሊሶቹ አልጠየቋትም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

መሰላሉን እኔ ያዝኩ። የሺ ነጭ ወረቀት ዘርግታ ከታች ቆመች፤ ጥላሸት ካለ ሳይበተን ለጠበቃዋ እንዲደርስ። ሳልሕ ፊውዙ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር ልጦ አወረደውና መሰላሉን ወጣ። ጯሂውን ፈታ፤ ክዳኑን አነሣ፤ ወደ መብራቱ አዞረው። «ይሄ ዕቃ ውስጡ የገባውን ሁሉ ጭስ ነው ብሎ ይጮሃል» አለ ቀስ ብሎ። ሳልሕ ቀስ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

«ምንድን ነው?» አለች የሺ። «ጠቁሯል? ጭስ ነው?»

ጯሂውን ወረቀቱ ላይ ገልብጦ በጣቱ ቆረቆረው። ጥላሸት የለም። የወደቀችው ሸረሪት ናት፤ የደረቀች፣ ከምስር ፍሬ የማትበልጥ።